የሩጫን ሰዓት እየተከተለ ኮምፒዩተር ቁልፍ እንዲጫን ስለ ማድረግ

ስለ ሯጮቻችን ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ይነገራል። ሰዓቱን ስለሚይዘውና ዙሩን ስለሚቆጥረው ሰው ግን የሚጽፍ ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚህ መጽሔት ላይ ኮምፒዩተር ከሩጫው ሜዳ የሚመጣለትን የሰዓት መረጃ እየተቀበለ፣ በተወሰነው ቅጽበት የኪቦርዱን ቁልፍ በራሱ እንዲጫን ስለሚደረግበት ዘዴ የተማርሁትን ለተማሪ ወንድሞቼና እኅቶቼ ለማካፈል አስቤአለሁ። ነገሩ ከሩቅ ሲያዩት የከተማና የትልቅ ስታዲየም ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ወይም ሁለት ኮምፒዩተርና ሣር የለበሰ ሜዳ ያለው እንደ ቁይ ያለ የገጠር ከተማ ትምህርት ቤትም ሊሠራው የሚችል መሆኑን ከዚህ በታች አስረዳለሁ።

፩. የሰዓትና የዙር ጉዳይ ቀላል እንዳልሆነ

በመጀመሪያ፣ ለምን ስለ ሰዓት ይህን ያህል መጨነቅ ያስፈልጋል? የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መልሱን ከታሪክ እንውሰድ። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ሩጫ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ አንደኛ ሲወጣ፣ ኬንያዊው ፖል ቴርጋት በ27 ደቂቃ ከ18.29 ሰከንድ ሁለተኛ ሆነ። በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት ከአንድ ሰከንድ መቶኛ እጅ 9 ብቻ ነው። አንድ ሯጭ በሰከንድ 7 ሜትር የሚሮጥ ቢሆን፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚያልፈው 63 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። የሰው እጅ ግን ዓይን ካየ በኋላ ቁልፍ ለመጫን ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሰከንድ አምስተኛ እጅ ያህል ይፈጅበታል። ይኸውም ከኃይሌና ከቴርጋት ልዩነት በእጥፍ የሚበልጥ ነው። እንዲህ ላለው ፍርድ መሣሪያ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ከሰዓቱ የበለጠ ጕዳት የሚያመጣው የዙር ቍጥር ነው። ሰኔ 28 ቀን 2011 ዓ.ም. በስዊዘርላንድ አገር በሎዛን ከተማ በተደረገው የ5,000 ሜትር ውድድር፣ አገራችንን በሪዮ ኦሊምፒክ የነሐስ ሜዳይ ያስገኘላት ሐጎስ ገብረ ሕይወት ሩጫው ያለቀ መስሎት ጓደኞቹን ጥሎ በፍጥነት መስመሩን አለፈና ደስታውን ገለጸ። ሆኖም ገና አንድ ዙር ይቀረው ነበር። እንደ ገና ለመሮጥ ቢሞክርም ኃይሉን አስቀድሞ ጨርሶ ስለ ነበር ዐሥረኛ ሆነ። ያሸነፈውም ሌላው ኢትዮጵያዊ ዮሚፍ ቀጄልቻ ነው። ሐጎስ በዚህ ምክንያት ተስፋ ሳይቆርጥ ግንቦት 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኦስሎ ይህንኑ ርቀት በ12 ደቂቃ ከ36.73 ሰከንድ መሮጡን ማስታወስ ተገቢ ነው።

በሎዛን የተሳሳተው ሯጩ ነበር። ዳኛ ሲሳሳት ግን ጕዳቱ ለብዙ ሰው ይተርፋል። በ1924 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1932) በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ የ3,000 ሜትር የመሰናክል ሩጫ ዙር የሚቆጥረው ዳኛ አንድ ዙር ሳይቆጥር በመቅረቱ፣ ሯጮቹ 3,460 ሜትር ያህል ሮጡ። የፊንላንዱ ቮልማሪ ኢሶ ሆሎ በሰፊ ርቀት ይመራ ስለ ነበር አልተጎዳም። አሜሪካዊው ጆ መክላስኪ ግን ትክክለኛው 3,000 ሜትር ሲያበቃ ሁለተኛ ነበር፤ በተጨመረው ዙር እንግሊዛዊው ቶማስ ኢቨንሰን ቀደመውና ሦስተኛ ሆነ። በሠራው ሥራ ሳይሆን በሌላ ሰው ቍጥር የብር ሜዳዩን አጣ።

በትምህርት ቤት ሩጫም ነገሩ ያው ነው። ከትምህርት ቤት ወደ ወረዳ፣ ከወረዳም ወደ ዞን የሚያልፉት ጥቂቶች ናቸው። ደወል አንድ ዙር ቀድሞ ቢደወል፣ ዓመቱን ሙሉ በማለዳ እየተነሣ የተለማመደ ልጅ ዕድሉ ያመልጠዋል፤ እስከሚቀጥለው ዓመትም ይጠብቃል። እንግዲህ የምንማረው ዘዴ መጫወቻ ሳይሆን ኀላፊነት ያለበት ሥራ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

፪. ሁለት ዓይነት በራሱ የሚሠራ ሥራ

መሣሪያ በሩጫ ላይ በራሱ የሚሠራው ሥራ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አስቀድሞ በታቀደ ሰዓት የሚሠራ ነው። መስከረም 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በእስፓኝ አገር በቫሌንሲያ ከተማ ለተሰንበት ግደይ 5,000 ሜትርን በ14 ደቂቃ ከ6.62 ሰከንድ ሮጣ፣ ጥሩነሽ ዲባባ በ2000 ዓ.ም. በኦስሎ ያስመዘገበችውን የ14 ደቂቃ ከ11.15 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን አሻሻለች። በዚያ ሩጫ በመሮጫው ውስጠኛ ጠርዝ ላይ የተደረደሩ ትንንሽ መብራቶች በታቀደው ፍጥነት እየተከታተሉ ይበሩ ነበር። ሒሳቡ ለማንኛችንም የሚቻል ነው። 14 ደቂቃ ከ6.62 ሰከንድ ማለት 846.62 ሰከንድ ነው። 5,000 ሜትር ደግሞ 12 ዙር ተኩል ነው። 846.62 ለ12.5 ሲካፈል 67.73 ይሆናል። ስለዚህ መብራቱ በዚህ ፍጥነት እንዲሄድ ቢታዘዝ አንዱን ዙር በ67.73 ሰከንድ፣ አንዱን ሜትር በ0.17 ሰከንድ ያህል ይጨርሳል ማለት ነው። ይህ መብራት ሯጯን አያይም። ሯጯ ብትወድቅም እርሱ መንገዱን ይቀጥላል።

ሁለተኛው ዓይነት ሯጩ ያደረገውን እየሰማ የሚሠራ ነው። ሯጩ መስመሩን ሲያልፍ መልእክት ይመጣል፤ ኮምፒዩተሩም መልእክቱን አንብቦ የሚያደርገውን ይወስናል። የእኛ ትምህርት ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነው።

፫. መረጃው ከየት ይመጣል

በትልልቅ ሩጫዎች ሯጩ በጫማው ወይም በደረት ቍጥሩ ላይ ቺፕ የሚባል ትንሽ ነገር ያደርጋል። ቺፑ ብዙውን ጊዜ ባትሪ የለውም። ሯጩ በመስመሩ ላይ የተነጠፈውን ምንጣፍ ሲረግጥ በምንጣፉ ውስጥ ያለው አንቴና በሬዲዮ ሞገድ ኀይል ይሰጠውና ቺፑ ቍጥሩን ይመልሳል። ተቀባዩ መሣሪያም ቍጥሩን ከሰዓቱ ጋር ይመዘግባል።

ይህ ዕቃ በሌለበት ቦታ ሰው ይተካዋል። አንድ ተማሪ በመስመሩ አጠገብ ከኮምፒዩተር ጋር ይቀመጥና ሯጭ ባለፈ ቍጥር የሯጩን ቍጥር ይመታል። ኮምፒዩተሩ ሦስት ነገር ያለበት አንድ መስመር ይጽፋል፤ ይኸውም የሯጩን ቍጥር፣ መስመሩን ስንተኛ ጊዜ እንዳለፈና ሩጫው ከተጀመረ ስንት ደቂቃና ሰከንድ እንደ ሆነ ነው። ለምሳሌ «ቍጥር 14፤ 6ኛ፤ 7 ደቂቃ ከ44 ሰከንድ» ይላል። የሰው እጅ ስለሚዘገይ ይህ ዘዴ ሯጮች ተጠጋግተው ሲገቡ ለደረጃ ፍርድ አይበቃም፤ ዙር ለመቍጠር ግን ይበቃል።

መልእክቱ በገመድ ወይም በኔትወርክ ወደ ሁለተኛው ኮምፒዩተር ይሄዳል። ሁለተኛው ኮምፒዩተር በፕሮጀክተር ወይም በትልቅ ስክሪን የቀሩትን ዙሮች ለሕዝብ ያሳያል፤ የደወልም ድምፅ ያሰማል። አንዳንድ የማሳያ ፕሮግራሞች ግን ከሌላ ፕሮግራም መልእክት መቀበል አይችሉም፤ የሚታዘዙት በኪቦርድ ቁልፍ ብቻ ነው። ስለዚህ በመካከል አስተርጓሚ የሚሆን ትንሽ ፕሮግራም ያስፈልጋል። እርሱም በአንድ በኩል የሰዓቱን መልእክት ያነባል፤ በሌላ በኩል የሰው ጣት እንደ ነካው አስመስሎ ቁልፉን ይጫናል። ፓይተን በሚባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ ይህን የመሰለ ፕሮግራም ከመቶ መስመር ባነሰ ጽሑፍ ሊሠራ ይችላል።

፬. ስንተኛው ማለፍ ነው ደወል የሚያስደውለው

በ400 ሜትር መሮጫ 3,000 ሜትር 7 ዙር ተኩል ነው። ስለዚህ ሯጮቹ የሚነሡት ከመጨረሻው መስመር ላይ ሳይሆን ከ200 ሜትር ወዲያ ነው። መስመሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያልፉ 200 ሜትር፣ ሁለተኛ ጊዜ 600 ሜትር፣ ሦስተኛ ጊዜ 1,000 ሜትር ሮጠዋል። እንዲህ እያለ ሰባተኛው ማለፍ 2,600 ሜትር፣ ስምንተኛው 3,000 ሜትር ይሆናል። እንግዲህ ደወሉ የሚደወለው በሰባተኛው ማለፍ ነው። «ሰባት ዙር ተኩል ነውና ከስድስት ዙር ተኩል በኋላ» ብሎ በጭንቅላት ከመገመት፣ የማለፉን ቍጥር አስቀድሞ በወረቀት ጽፎ መያዝ ይሻላል።

በ10,000 ሜትር ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። 25 ሙሉ ዙር ስለ ሆነ ሯጮቹ የሚነሡት ከመስመሩ አጠገብ ነው። ምንጣፉ ሲነሡ የረገጡትንም እንደ አንድ ማለፍ ሊቆጥረው ይችላል። በዚህ ጊዜ ቍጥሩ ሁሉ በአንድ ይበልጣል፤ ደወሉም አንድ ዙር ቀድሞ ይደወላል። ስለዚህ የመነሻው ቍጥር ዜሮ መሆኑን ሩጫው ሳይጀመር ማረጋገጥ ግዴታ ነው።

፭. መልእክቱ የደረሰበት ሰዓትና ነገሩ የሆነበት ሰዓት

ከትምህርቱ ሁሉ ዋነኛው ክፍል ይህ ነው። ደብዳቤ ከደብረ ማርቆስ ቁይ እስኪደርስ ጊዜ እንደሚፈጅበት ሁሉ የኮምፒዩተር መልእክትም ጊዜ ይፈጅበታል። ደብዳቤው ዛሬ ስለ ደረሰ ነገሩ ዛሬ ሆነ አንልም፤ በደብዳቤው ራስ ላይ የተጻፈውን ቀን እንመለከታለን። ለሩጫውም መልእክት እንደዚሁ ማድረግ ይገባል።

ምሳሌ እንመልከት። በ3,000 ሜትር ሩጫ መሪው አምስተኛውን ማለፍ በ6 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ፣ ስድስተኛውን በ7 ደቂቃ ከ44 ሰከንድ አደረገ እንበል። የመጨረሻ ዙሩ 85 ሰከንድ ነው ማለት ነው። በዚሁ ቢቀጥል ሰባተኛውን ማለፍ በ9 ደቂቃ ከ9 ሰከንድ ያደርጋል። መሪው ከመድረሱ 5 ሰከንድ በፊት «የመጨረሻው ዙር ሊጀመር ነው» የሚል ጽሑፍ በስክሪኑ ላይ እንዲወጣ እንፈልጋለን። ስለዚህ ቁልፉ መጫን ያለበት በ9 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ነው።

የስድስተኛው ማለፍ መልእክት ግን ወደ ኮምፒዩተሩ የደረሰው 2 ሰከንድ ዘግይቶ በ7 ደቂቃ ከ46 ሰከንድ ነው። ፕሮግራሙ መልእክቱ ከደረሰበት ጀምሮ 80 ሰከንድ ቢጠብቅ፣ በ9 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ ይጫናል፤ ሁለት ሰከንድ ዘገየ ማለት ነው። ይህ ሯጭ በሁለት ሰከንድ ከ9 ሜትር በላይ ይሄዳል። ትክክለኛው ሒሳብ በመልእክቱ ውስጥ ከተጻፈው ሰዓት ተነሥቶ 9 ደቂቃ ከ4 ሰከንድን ካገኙ በኋላ፣ አሁን ያለውን 7 ደቂቃ ከ46 ሰከንድ መቀነስ ነው። የሚጠበቀው 78 ሰከንድ ይሆናል።

ለዚህም የሁለቱ ኮምፒዩተሮች ሰዓት አንድ መሆን አለበት። በእኛ አቈጣጠር ከጧቱ 2 ሰዓት ሲሆን ኮምፒዩተሩ ብዙውን ጊዜ 8 ሰዓት ይላል። አንዱ ኮምፒዩተር በአንዱ፣ ሌላው በሌላው አቈጣጠር ቢሞላ የስድስት ሰዓት ልዩነት ይመጣል። ከዚህም በላይ ኮምፒዩተር ኢንተርኔት ሲያገኝ ሰዓቱን በራሱ ያስተካክላልና በሩጫው መካከል ሰዓቱ ሊዘል ይችላል። ስለዚህ የቀኑን ሰዓት ትቶ፣ ሩጫው ከተጀመረበት ቅጽበት ጀምሮ ያለውን ሰከንድ ብቻ መቍጠር ይሻላል። የማስነሻው ፊሽካ ሲነፋ በሁለቱም ኮምፒዩተሮች ላይ ባንድነት ቁልፍ መንካት ለትምህርት ቤት ሩጫ በቂ ነው።

፮. የፕሮግራሙ አሠራር

የፕሮግራሙ ሥራ በአማርኛ ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል።

1. መልእክት እስኪመጣ ጠብቅ። ሲመጣ የሯጩን ቍጥርና ሰዓቱን አንብብ።
2. ያው ሯጭ ካለፈ 40 ሰከንድ ያልሞላው ከሆነ መልእክቱን ተወው፤ በዚህ ሜዳ ማንም አንድ ዙር በ40 ሰከንድ አይሮጥም፤ መሣሪያው ሁለት ጊዜ ቈጥሮ ነው።
3. መልእክቱ ከ10 ሰከንድ በላይ የዘገየ ከሆነ ምንም ቁልፍ አትጫን፤ ሰው ጥራ።
4. በዚያ ሯጭ የማለፍ ቍጥር ላይ አንድ ጨምር። የሁሉንም ሯጮች በአንድነት አትቍጠር።
5. ከሯጮቹ ሁሉ አስቀድሞ 6ኛውን ማለፍ ያደረገው ይህ ከሆነ፣ ማስታወቂያው የሚወጣበትን ሰዓት አስላና ሰዓቱ ሲደርስ የማስታወቂያውን ቁልፍ ተጫን።
6. ከሯጮቹ ሁሉ አስቀድሞ 7ኛውን ማለፍ ያደረገው ይህ ከሆነና ዳኛውም ካረጋገጠ የደወሉን ቁልፍ ተጫን። «ተደውሏል» ብለህ መዝግብ፤ ሁለተኛ አትደውል።

አራተኛው ትእዛዝ የተጻፈው ወደ ኋላ ስለ ቀሩት ሯጮች ነው። መሪው ደርቦ ያለፈው ልጅ ከመሪው ፊት ሆኖ መስመሩን ሊያልፍ ይችላል። የሚመለከተው ሰው መሪ ይመስለዋል። ቍጥሩ ለየሯጩ ለብቻው ሲያዝ ግን ይህ ስሕተት አይደርስም።

ስለ ቁልፉ አጫጫንም ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። በመጀመሪያ፣ ፕሮግራሙ የሚጫነው ቁልፍ የሚሄደው በስክሪኑ ላይ ከፊት ወደ ተከፈተው ፕሮግራም ነው። በዚያ ሰዓት አንድ ሰው ደብዳቤ ከፍቶ ቢጽፍ፣ ቁልፉ በደብዳቤው ላይ ይጻፋል እንጂ ደወል አይደወልም። ስለዚህ ከመጫኑ በፊት ከፊት ያለው የማሳያው ፕሮግራም መሆኑን እንዲመረምር ማድረግ ይገባል። ሁለተኛ፣ ቁልፍ መጫንና ቁልፍ መልቀቅ ሁለት ልዩ ልዩ ትእዛዞች ናቸው። ፕሮግራሙ ተጭኖ ሳይለቅ ቢቀር ቁልፉ እንደ ተጫነ ይቈጠራል፤ በጣም ፈጥኖ ቢለቅም አንዳንድ ፕሮግራም ሳያየው ያልፋል። ከአንድ ሰከንድ ሃያኛ እጅ ያህል ይዞ መልቀቅ መልካም ነው። ሦስተኛ፣ ለዕለት ተዕለት ጽሑፍ የማያገለግል ቁልፍ፣ ለምሳሌ «ኤፍ 9»ን መምረጥ ከድንገተኛ መነካት ይጠብቃል። አራተኛ፣ ሥራውን ሁሉ ወዲያው የሚያቆም ሌላ ቁልፍ ሊኖር ይገባል።

፯. ለመሣሪያ የሚሰጠውና ለሰው የሚቀረው

ከላይ በተጻፉት ትእዛዞች አምስተኛውና ስድስተኛው እንደሚለያዩ አንባቢ ሳያስተውል አይቀርም። ማስታወቂያው የሚወጣው በግምት ነው፤ ደወሉ ግን በግምት አይደወልም። ምክንያቱም ግምት የሚነግረን ሯጩ እንደ ቀድሞው ቢሮጥ የሚሆነውን ብቻ ስለ ሆነ ነው። ሯጩ ሊደክም፣ ሊወድቅ፣ ወይም ሌላ ሊቀድመው ይችላል። ማስታወቂያው ሦስት ሰከንድ ቢሳሳት ሕዝቡ ጥቂት ይጠብቃል እንጂ ማንም አይጎዳም። ደወል ግን ሯጩ የቀረውን ኀይሉን ሁሉ የሚያወጣበት ምልክት ነው። ከተደወለ በኋላ «ተሳስተናል፣ ተመለስ» ቢባል የወጣው ኀይል አይመለስም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ነው፤ ያውም የፈሰሰው የሌላ ሰው ድካም ሲሆን መልቀሚያ የለውም።

ስለዚህ እኔ የያዝሁት ደንብ ይህ ነው። ቢሳሳት የሚታረመውን ነገር መሣሪያው በግምት ይሥራው። ቢሳሳት የማይታረመውን ግን፣ ነገሩ መሆኑን መረጃው ካሳየና ዙር የሚቆጥረው ዳኛ በወረቀቱ ላይ አይቶ ካረጋገጠ በኋላ ብቻ ይሥራው። ሁለቱ ቍጥሮች ካልተስማሙ መሣሪያው ዝም ይበል፤ ዳኛው በእጁ ይደውል። መብራት ሊጠፋ፣ ገመድ ሊበጠስ፣ ዝናብም ሊመጣ ስለሚችል የእጅ ደወልና የወረቀት መዝገብ ከሜዳው መለየት የለባቸውም።

ፕሮግራሙን ወደ ሜዳ ከማውጣት በፊት በክፍል ውስጥ መፈተን ይቻላል። ያለፈ ሩጫ የዙር ሰዓቶችን በወረቀት ጽፎ፣ አንዱ ተማሪ ሰዓት እያየ ቍጥሮቹን ሲመታ ሌላው የሁለተኛውን ኮምፒዩተር ሥራ ይመለከታል። እኔ በዚህ ዓይነት ስፈትን ሆን ብዬ ቍጥር እየደገምሁ፣ መልእክት እያዘገየሁ፣ የኋለኛውን ሯጭ ከመሪው ፊት እያሳለፍሁ ነው። ሁሉ በደኅና ሲሆን የሚሠራ ፕሮግራም መጻፍ ቀላል ነው፤ ትምህርቱ ያለው ነገር ሲበላሽ ምን እንደሚያደርግ በማየት ላይ ነው።

ለዚህ ሥራ ሒሳብ የሚያውቅ፣ እንግሊዝኛ የሚያነብ፣ ኮምፒዩተር የለመደና ሩጫን የሚወድ ተማሪ በአንድነት ያስፈልጋሉ። መሮጥ የማንችል ሁሉ ለሚሮጡት ጓደኞቻችን ይህን ያህል ልንረዳ እንችላለን። ሯጩ ከእኛ የሚፈልገው እያንዳንዱ ዙር በትክክል እንዲቈጠርለት ነው።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1ኛ. በ400 ሜትር መሮጫ በ5,000 ሜትር ሩጫ ደወል የሚደወለው መሪው መስመሩን ስንተኛ ጊዜ ሲያልፍ ነው?

2ኛ. የአንድ ሯጭ የመጨረሻ ዙር 90 ሰከንድ ነው። መስመሩን ያለፈው በ5 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ሲሆን መልእክቱ የደረሰው በ5 ደቂቃ ከ13 ሰከንድ ነው። በሚቀጥለው ማለፍ 5 ሰከንድ ሲቀር ቁልፍ እንዲጫን ፕሮግራሙ ስንት ሰከንድ ይጠብቅ?

3ኛ. መሣሪያው 7 ሲል የዳኛው ወረቀት 6 ቢል ምን ይደረግ?

መልስ፤ 1ኛ. በዐሥራ ሁለተኛው። 2ኛ. 82 ሰከንድ። 3ኛ. መሣሪያው አይደውል፤ ዳኛው የወረቀቱን መዝገብ ከረዳቱ ጋር አመሳክሮ ይወስን።